ኤፌሶን፣ ፍጥሞ፣ ሳንቶሪኒ፦ ከመርከብ ስንወርድ ማንን እንከተል? ምን ገንዘብ እንያዝ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። በመስከረም መጨረሻ እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ሚኮኖስን፣ ኩሻዳሲን፣ ፍጥሞን፣ ሮድስን፣ ሄራክሊዮንንና ሳንቶሪኒን አዳርሶ ፒሬየስ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ለአንድ ሳምንት ልንጓዝ ከፍለናል። እናቴ 69 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትናገርም። እኛ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘናል፤ እሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አላት። የመርከቡ ድርጅት በየወደቡ የሚሸጠውን ጉብኝት ሁሉንም ብንገዛ ለሦስታችን ከ2,000 ዶላር ያልፋል። ካልገዛችሁ አያወርዷችሁም ያሉን ሰዎች አሉ። የትኛውን እንግዛ? ገንዘቡንስ? ዶላር ይዘን መርከቡ ላይ ብንመነዝር ይሻላል ወይስ እዚሁ ባንክ ዩሮ እንግዛ? ዩሮ ከያዛችሁ ቱርክም ይሠራል ተብለናል።»

ምላሽ፦ ስለ ጉብኝትና ስለ ገንዘብ ጠይቀው የእናትዎን ፓስፖርት በመሐል ጠቅሰው አልፈዋል። ጉዞውን ከነጭራሹ ሊያስቀረው የሚችለው ግን እሱ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

ግሪን ካርድ አሜሪካ ያስገባል እንጂ ግሪክ አያስገባም። እናትዎ የሸንገን ቪዛ (ግሪክን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋቸዋል፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ዓይነት። መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ኩሻዳሲ ሲቆም ከሸንገን ክልል ወጥታችኋል፤ ቀጥሎ ፍጥሞ ስትደርሱ እንደ አዲስ እየገባችሁ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ሥራውን ኩሻዳሲ ላይ ጨርሷል። ማመልከቻው የሚቀርበው አብዛኛውን ቀን የምታሳልፉባት አገር ግሪክ ስለሆነች ለእሷ ቆንስላ ነው። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ነው፤ ቀጠሮ ማግኘት ግን ከውሳኔው የረዘመ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ይጀምሩ። የመርከቡን የጉዞ መርሐ ግብር ወደብ በወደብ የሚያሳየውን ወረቀት አብረው ያስገቡ፤ መዝገቡን የሚያየው ሹም ለምን ሁለት ጊዜ መግባት እንዳስፈለገ የሚረዳው ከእሱ ነው።

ቱርክን በተመለከተ የአገሪቱ ሕግ በመርከብ መጥተው የወደቡን ከተማና አካባቢውን ለሚጎበኙ መንገደኞች እስከ 72 ሰዓት ያለ ቪዛ እንዲቆዩ ሊፈቅድላቸው ይችላል። ፈቃዱ ግን በድንበር ሹሞች እጅ ነው፤ የመርከብ ድርጅቱም ከዚያ የጠበቀ የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱን «የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላላት መንገደኛ ለዚህ ጉዞ ምን ምን ቪዛ ትጠይቃላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም አትመው ይያዙት። ሰነድ የጎደለውን መንገደኛ መርከብ አያሳፍርም፤ የከፈለውንም እንዲመልስ የሚያስገድደው ውል አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለእርስዎና ለባለቤትዎ የአሜሪካው ፓስፖርት ለሁለቱም አገሮች አጭር ጉብኝት ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ጉብኝት ካልገዛን አንወርድም የሚባለው በእናንተ መስመር ላይ ሐሰት ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም የመርከብ ካርዳችሁን በር ላይ አስነብባችሁ ትወርዳላችሁ፤ የት እንደምትሄዱ የሚጠይቃችሁ የለም። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አያቅተኝም፤ የሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ የመርከብ መዳረሻ በነበረችበት ጊዜ ያለ ቪዛ መውረድ የሚችለው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር የሚሄድ ብቻ ነበር። ኤጅያን ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሌላው በሰፊው የሚታመነው ነገር ግማሹ እውነት ነው። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ ካልቻለም እስከሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ያደርሰዋል። በራሱ የወጣን ሰው አይጠብቅም። ይህ ዋስትና ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ዋጋው በየወደቡ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥንታዊቷ ከተማ ከወደቡ አሥር ደቂቃ በእግር ስትሆን ዋስትና መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የግብፅ አሌክሳንድርያ ላይ ወርዶ ካይሮ ፒራሚዶቹን አይቶ ለሚመለስ ሰው ግን መንገዱ አንድ ወገኑ ብቻ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከመርከቡ ጉብኝት ሌላ ምርጫ አልመክርም። ከዚህም በላይ ዋስትናው ጉብኝቱ አለቀ በተባለበት ቦታ አብሮ ያልቃል፤ ይህን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ሳንቶሪኒ ላይ እመለስበታለሁ።

ምክሬን አስቀድሜ ልናገር። ከመርከቡ ድርጅት የፍጥሞን ጉብኝት ብቻ ይግዙ። ኩሻዳሲ ላይ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከነመኪናው ለሦስታችሁ ብቻ ይቅጠሩ። በቀሩት ወደቦች ምንም አይግዙ። እናትዎ ወጣትና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢሆኑ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህ ጉዞ ግን በእሳቸው ጉልበትና በእሳቸው ቋንቋ መለካት አለበት።

ከኩሻዳሲ ወደብ እስከ ኤፌሶን ፍርስራሽ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ። የመርከብ ቡድኖች በአብዛኛው በላይኛው በር ገብተው በታችኛው በር ይወጣሉ፤ የሚነገራቸውም «መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምም» የሚል ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ከዳገቱ ቁልቁለቱ እንደሚብስ እናትዎን ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል። ንጣፉ ለዘመናት በእግር የተወለወለ እብነ በረድ ነው፤ የኩሬቴስ ጎዳና በሚባለው ቁልቁለት ላይ በደረቅ ቀን እንኳ ጫማ ይከዳል፤ ጥላ የለም፤ እጅ የሚያሳርፉበት መደገፊያም እምብዛም አይገኝም። አርባ ሰው ያለው ቡድን ደግሞ የሚራመደው በአስጎብኚው ሰዓት ነው። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እየተከተለ እርስዎ ለእናትዎ አንዱን ሐውልት በአማርኛ አስረድተው ሳይጨርሱ ባንዲራ የያዘው ሰው ሌላ ፍርስራሽ ጋ ደርሷል። በዚህ አኳኋን እናትዎ ኤፌሶንን ሳይሆን የሰው ጀርባ አይተው ይመለሳሉ።

ለእሳቸው የሚሻለው በታችኛው በር ገብቶ በዚያው መውጣት ነው። ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ታላቁ ቲያትር ይገኛል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ያነሣሣው ሕዝብ በጳውሎስ ስብከት ተቆጥቶ የጮኸበት ነው። ከቲያትሩ ወደ ሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት የሚወስደው ጎዳና ደልዳላ ሊባል የሚችል ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እናትዎን የሚያስደስታቸው ብዙ ቡድን የማይቆምበት ቦታ ይመስለኛል። ከታችኛው በር አካባቢ ወደ ጥንቱ ወደብ አቅጣጫ ገባ ሲሉ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። በ431 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ቄርሎስ የመራው፣ ንስጥሮስን ያወገዘውና ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስም ያጸናው ጉባኤ የተሰበሰበው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት የመጨረሻው መሆኑን ለእናትዎ መንገር አይጠበቅብዎትም። ቦታው ረጅም ግድግዳ፣ የቆሙና የወደቁ አእማድ፣ ጎን ላይ ደግሞ ገንዳው ገና የሚታይ የጥምቀት ክፍል ያለበት ጸጥ ያለ ሜዳ ነው። ለአስጎብኚው አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልነገሩት አያልፍበትም። ጊዜ ከተረፈ የእመቤታችን ቤት ተብሎ የሚጎበኘው በቡልቡል ተራራ ላይ ያለው ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት በመኪና ቅርብ ነው፤ መግቢያው ለብቻው ይከፈላል።

የግል አስጎብኚ ሲቀጥሩ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስፍሩ። መጀመሪያ፣ የመግቢያ ክፍያው በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ፤ ኤፌሶን ለውጭ ጎብኚ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 40 ዩሮ ስለሆነ ለሦስት ሰው ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሁለተኛ፣ የምንጣፍም የቆዳም ሱቅ እንደማይገባ። ከኩሻዳሲ የሚነሡ ርካሽ ጉብኝቶች፣ የመርከቡም ሳይቀሩ፣ መጨረሻቸው ብዙ ጊዜ ምንጣፍ ቤት ነው፤ የፖም ሻይ ይቀርባል፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ሰዓት ያልፋል። መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የሚከፈለው በጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ መርከቡ ከሚነሣበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወደብ እንደሚመልሳችሁ። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ይህን ያህል ትርፍ ጊዜ ካስቀመጡ የመርከቡ ዋስትና የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ቱርክ ውስጥ አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ፈቃዱም አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ወደብ በር ላይ ይህን ሳያሳይ «ና በርካሽ ልውሰድህ» የሚለውን ይለፉት።

ፍጥሞ ላይ ምክሬ የሚገለበጠው የደሴቲቱ ጠባይ ስለሚለይ ነው። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ታክሲዎቿ ጥቂት ናቸው፤ መርከብ በቆመ ቀን ደግሞ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ራእይ ያየበት የሚባለው ዋሻ ከስካላ ወደብ ላይኛው መንደር ወደ ኾራ በሚያወጣው መንገድ መሐል ላይ ነው፤ በ1088 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በስሙ የሚጠራው ገዳም ጫፉ ላይ ይታያል። ሁለቱም ከሰዓት በኋላ የሚከፈቱት በሁሉም ቀን አይደለም። የእናንተ መርከብ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ከሆነ በራሱ የወጣ ሰው የተዘጋ በር ሊጠብቀው ይችላል፤ ጉብኝቱን የሸጠላችሁ ድርጅት ግን ሰዓቱን ማመቻቸት የራሱ ሥራ ነው፤ ካልሆነለትም ገንዘባችሁን የሚመልስ እሱ ነው። ነፋስ በርትቶ መርከቡ ፍጥሞን ዘሎ ቢያልፍም እንዲሁ። ከመግዛትዎ በፊት ወደ ዋሻው የሚወርደው ደረጃ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መውጫውም ያው ደረጃ ነው። ለሁለቱም ጉልበት የማይበቃ ከሆነ እናትዎ ዋሻውን ይምረጡ፤ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ያለው ሙዚየም ለእናንተ ይቆይ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። እናትዎ ነጠላቸው ስለማይለያቸው አይቸገሩም፤ ቁምጣ የለበሰ ወንድ ግን በር ላይ ሊመለስ ይችላል።

ሳንቶሪኒ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። መርከቡ ወደብ አይጠጋም፤ ገደሉ ሥር ባሕሩ ላይ ቆሞ መንገደኛውን በትናንሽ ጀልባ ያወርዳል። ከታች ወደ ፊራ ከተማ መውጫው ሦስት ነው፦ የኬብል መኪና፣ ከ580 የሚበልጥ ደረጃ፣ ወይም በቅሎና አህያ። ደረጃውን እናትዎ አይሞክሩት። በቅሎውንም እንዳያስቡት፤ ደረጃው በእንስሳቱ ፋንድያ የሚያዳልጥ፣ ጠርዙም አደገኛ ነው። የመርከቡን ጉብኝት የገዙ ሰዎች ቅድሚያ ጀልባ አግኝተው በሌላ ወደብ በኩል በአውቶቡስ ይወጣሉ፤ ኦያ የሚባለውን መንደር ያያሉ፤ ከዚያ አስጎብኚው ፊራ ላይ «እንግዲህ ደህና ሁኑ» ይላቸዋል። የሚወርዱት በራሳቸው ነው፤ ዋስትናውም እዚያው አልቋል። በዚያ ሰዓት የሌሎቹም መርከቦች ሰዎች ወደዚያው የኬብል መኪና ይመጣሉ፤ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ ይታያል። ስለዚህ ሳንቶሪኒ ላይ ሁለት መቶ ዶላር ከፍሎ አውቶቡስ ውስጥ መዋል ለእናንተ አይጠቅምም። መጀመሪያ የሚወርደው ሕዝብ ካለፈ በኋላ በኬብል መኪናው ውጡ፤ ፊራ ላይ ከጣቢያው ብዙ ሳትርቁ ባሕሩን የሚያሳይ ቦታ ተቀመጡ፤ የመጨረሻው ጀልባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሰልፉ ላይ ሁኑ።

ሮድስ ቀላል ነው። የአሮጌው ከተማ ቅጥር ከወደቡ አፍንጫ ሥር ነው፤ የፈረሰኞቹ ጎዳና ጠጠር ድንጋዩ እግር ስለሚጎረብጥ እናትዎ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ሊንዶስ የሚባለውን የደሴቲቱን ጥንታዊ መንደር ማስታወቂያው ቢያሳምረውም ኮረብታው ላይ የሚወጣው ደረጃ ብዙ ስለሆነ ይተዉት። የቀርጤስ ደሴት ወደብ በሆነችው ሄራክሊዮን ላይ ሁሉም ክኖሶስ ወደሚባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይሮጣል፤ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በከተማ አውቶቡስ ይደረሳል፤ ጥላ ግን የለውም። እናትዎን ወደ ቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዷቸው፤ ከወደቡ በእግር ወይም በአጭር ታክሲ ነው፤ ጳውሎስ በቀርጤስ የተወው ደቀ መዝሙር የራስ ቅል በ1966 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ ተመልሶ እዚያ ተቀምጧል። ሚኮኖስ ላይ ከወደቡ ወደ ከተማው የምትመላለስ ጀልባ አለች፤ ከእሷ ሌላ ምንም አይክፈሉ።

አቴናን ለመጨረሻው ቀን አታስቀሩ። ከጉዞው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅምና ያ ቀን መድናችሁ ነው። አክሮፖሊስ መግቢያው 30 ዩሮ ሆኗል፤ ቲኬቱ የሚሸጠው ከነመግቢያ ሰዓቱ ስለሆነ አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። መራመድ ለሚቸግረው ሰው አሳንሰር አለ፤ አንድ ሰው አብሮ ይፈቀዳል፤ ለሁሉም የሚከፈት ስላልሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ አስታውቁ።

ስለ ገንዘብ። መርከቡ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ የምትበሉትም የምትጠጡትም በመርከብ ካርድ ይመዘገብና በመጨረሻ ከባንክ ካርዳችሁ ይቆረጣል። መርከቡ ላይ ያለው ምንዛሪ ምቹ ነው፤ ምቾቱ ግን ከዋጋው ላይ ይቆረጣል። እዚያም አየር ማረፊያም አይመንዝሩ። አሜሪካ ያለው ባንካችሁ የሚሸጠው ዩሮም ርካሽ አይደለም፤ ስትደርሱ ባዶ እጅ እንዳትሆኑ ብቻ መቶ ዩሮ ያህል ይግዙ። የቀረውን አቴና ላይ ከባንክ ግድግዳ ጋር ከተያያዘ ኤቲኤም በዴቢት ካርድ ያውጡ። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ስለሆነ አይንኩት።

ዋናው መክፈያ ካርድ ይሁን፤ ነገር ግን ለውጭ አገር ግዢ ተጨማሪ የማያስከፍል ካርድ። ብዙ የአሜሪካ ካርዶች በእያንዳንዱ ግዢ ላይ እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ ውሉን ዛሬ ይዩት። ግሪክ ውስጥ ሱቁም ምግብ ቤቱም ካርድ ይቀበላል። ለሦስታችሁ ለሳምንቱ 250 ዩሮ በትናንሽ ኖት ይበቃል፤ ለሻማ፣ ለጉርሻ፣ ለትንሿ ጀልባ፣ ለመጸዳጃ ቤት።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ቦታ ምንዛሪ ቤት አይደለም፤ አስተናጋጁ ይዞት የሚመጣው የካርድ ማሽን ነው። ሂሳቡ 100 ዩሮ ነው እንበል፤ ማሽኑ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ በአንዱ «100 ዩሮ»፣ በሌላው «122 ዶላር፣ ዋጋው የተረጋገጠ»። የዕለቱ ምንዛሪ 1 ዩሮ በ1.15 ዶላር ቢሆን የራሳችሁ ባንክ የሚቆርጠው 115 ዶላር ነበር። ዶላሩ የሚታወቅ ገንዘብ ስለሆነ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሰባት ዶላሩም እንደዚያው ሄደ። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ፤ ግሪክ ዩሮ፣ ቱርክ ሊራ። አስተናጋጁ ራሱ ዶላሩን ተጭኖ ካቀረበላችሁ እንዲሰርዘውና እንደገና እንዲያስገባው ይጠይቁ፤ ምርጫው የባለ ካርዱ ነው። ኤቲኤሙም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ያቀርባል፦ «በእኛ ምንዛሪ ተስማምተው ይቀጥላሉ?» መልሱ «አልስማማም» ነው፤ እምቢ ቢሉም ገንዘቡ ይወጣል። በቱሪስት መንገድ ላይ ብቻቸውን የቆሙት ማሽኖች በአገልግሎት ክፍያውም ይብሳሉ።

ዩሮ ቱርክ ይሠራል የተባላችሁት በከፊል ልክ ነው። የወደቡ ሱቆች ዩሮም ዶላርም ይቀበላሉ፤ ምንጣፍና ቆዳ ዋጋቸውን የሚጠሩትም በዚያ ነው። መልስ የሚሰጡት ግን በሊራ ነው፤ ምንዛሪውንም የሚወስነው ሻጩ ነው። አስጎብኚውን በተስማማችሁበት ዩሮ ወይም ዶላር ይክፈሉት፤ መግቢያውን በካርድ፤ ለሻይና ለጉርሻ ከ30 እስከ 40 ዶላር የሚሆን ሊራ በዕለቱ አውጥታችሁ በዕለቱ ጨርሱት። ዓመታዊው የዋጋ ንረት በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ከ85 በመቶ አልፎ የነበረ ገንዘብ ነው፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ብሎ ቤት ማስቀመጥ አይገባም። መልስ ስትቀበሉም ሳንቲሙን ገልብጣችሁ እዩ፤ የአንድ ሊራው ሳንቲም ለዓይን ከሁለት ዩሮው ጋር ይቀራረባል፤ በዋጋ ግን አይገናኙም።

በሌላ መስመር ለሚጓዙ አንባቢዎች፦ ቆጵሮስ ከ2008፣ ክሮኤሺያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩሮ ይገበያያሉ፤ ሞንቴኔግሮም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን እንዲሁ። ግብፅ ፓውንድ፣ እስራኤል ሼቄል ነው።

አንድ ሂሳብ እንዳያስደነግጣችሁ። ግሪክ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመርከብ መንገደኞችን በየወደቡ ታስከፍላለች፤ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 20 ዩሮ፣ በኦክቶበር 12 ዩሮ ነው። የሚሰበስበው መርከቡ ስለሆነ ከሂሳባችሁ ጋር ተደምሮ ይመጣል፤ ወደብ ላይ በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁን አትስሙ።

ሰዓትም ያጣላል። የመርከቡ በር ላይ የሚለጠፈው «ሁሉም 17:30 ላይ ይግባ» የሚል ከሆነ ለእናትዎ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ብለው ይንገሯቸው፤ አምስት ተኩል ሲባል የሰሙ እናት እኩለ ቀን ሳይደርስ መርከብ በር ላይ ቆመው ቢጠብቋችሁ አይፈረድባቸውም። መግቢያው የሚዘጋው መርከቡ ከሚነሣበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። በእናንተ ሳምንት የግሪክና የቱርክ ሰዓት አንድ ነው፤ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በኋላ ለሚሄዱ ግን ግሪክ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሳለች፣ ቱርክ ባለችበት ትቆያለች፤ የስልካችሁን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት ተከተሉ። ለእናትዎም ቦርሳ ውስጥ የመርከቡን ስም፣ የወደቡን በር፣ የእርስዎን ስልክና በየዕለቱ መርሐ ግብር ላይ የሚታተመውን የወደብ ወኪል ስልክ በእንግሊዝኛ የጻፈ ወረቀት ያኑሩ፤ በየማለዳው ይለውጡት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ቪዛው ሳይወጣ ምንም አይክፈሉ። ቪዛው እንደወጣ የፍጥሞን ጉብኝት ይያዙ፤ እስከ መቼ ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚቻል ያንብቡ። የኩሻዳሲውን አስጎብኚ ደግሞ መርከቡ ወደቡን ቢዘል ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አይቅጠሩት፤ ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቀውንም ትተው ቀሪውን ጉብኝቱ ሲያልቅ የሚቀበለውን ይምረጡ። ኩሻዳሲ ላይ እንዲህ የሚሠራ አስጎብኚ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።